ምንጣፌ ላይ ጠጅ የሚያፈሰው ሰው

እድፍ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ምንጣፍ አጥቦ አያውቅም። የቅቤ እድፍ ገራም ነው፤ የገብስ ዱቄት ነስንሳችሁበት ብታድሩ ዱቄቱ ቅቤውን መጥጦት ታገኛላችሁ። የጧፍ ሰም ወረቀት አልብሳችሁ የሞቀ ካውያ ስታሳልፉበት ወረቀቱን ተከትሎ ይነሳል። የበርበሬ ወጥ እልኸኛ ቢሆንም በእንዶድ አረፋና ከአሊዩ አምባ ገበያ በሚመጣ ሎሚ ቀስ በቀስ ይለዝባል። ጠጅ ግን ሌላ ነው። ሲፈስ ማንም ልብ አይለውም፤ ሰው ሁሉ በደስታ ላይ ነዋ። ጉዱ የሚታየው ሲደርቅ ነው። ሙቅ ውሃ ካገኘማ ነክሶ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅኸው ትሉኝ ይሆናል። ወንደላጤ ነኝ። ልጅ ክርስትና አላስነሳሁ፣ ማኅበር አልጠጣሁ፣ ድግስ ደግሼ አላውቅ። ምንጣፌ ግን ያልዋለበት ድግስ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን በጸሐፊነት ተመድቤ እንደመጣሁ ለአንድ ምንጣፍ ሠሪ ጥቁርና ነጭ የበግ ጠጉር ስጋጃ አዘዝኩ። አንኮበር ያደግሁበት የአባቴ የመርጌታ ቤት እንግዳ ተለይቶት ስለማያውቅ፣ የኔም ቤት እንደዚያው የሚሆን መስሎኝ በሰፊው አሠራሁት። ምንጣፉ ከቤቱ በለጠና ጠርዙን አጥፌ አነጠፍኩት። እንግዳውም አልመጣም። ማታ ማታ በዚያ ሁሉ ስጋጃ መሀል አንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጬ እራቴን እበላ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ወይዘሮ አስካለ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ምንጣፉን እንዳውሳቸው ጠየቁኝ። ደስታዬን አልደብቃችሁም። ምንጣፉን ሰጥቼ ተላጨሁ፣ ኮቴን ለበስኩ፣ ሲጠሩኝ ለመነሳት ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። እልልታው በአጥሩ ላይ እየዘለለ ይመጣል፤ የሚጠራኝ ሰው ግን አልመጣም። በማግስቱ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ከብዙ ምስጋናና ከአንድ የጠጅ እድፍ ጋር ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ ለመደው። ለሠርጉም፣ ለተዝካሩም፣ ለማኅበሩም ምንጣፌ ይሄዳል፤ እኔ እቀራለሁ። ከየድግሱ በኋላ ግቢ ውስጥ ዘርግቼ ሳጥበው ድግሱን ከእድፉ አነበው ጀመር። ሰም የነካው ቄሱ ከተቀመጡበት ነው። ወጥ የፈሰሰበት ልጆቹ የተሻሙበት ነው። ጠጁ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥግ ላይ ነበር። ድግሱ የማንም ይሁን፣ በዚያች ጥግ ጠጅ ሳይፈስ ቀርቶ አያውቅም።

ሰውየውን ጠላሁት። በሐሳቤ መልክ አወጣሁለት፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ሲያወራ እጁን የሚያወናጭፍ፣ ወዳጅ የበዛለት ሰው። በእርጥብ ጨርቅ እድፉን መታ መታ እያደረግሁ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አስቆህ ነው እለዋለሁ። እብድ አትበሉኝ። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ባዶ ግቢ ውስጥ ከሱ ሌላ የማነጋግረው ሰው አልነበረኝም። እቀናበትም ነበር። እኔ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ግባ እንዲለኝ።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። በጥር ወር ወይዘሮ አስካለ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነና እንደ ልማዳቸው መጡ። ካለፈው ማኅበር የቀረው የጠጅ እድፍ አልለቅ ብሎኝ ነበርና ምንጣፉን ዘርግቼ አሳየኋቸው። በዚያው የከረመ ንዴቴ አመለጠኝና፣ ሌላው ሁሉ እንዳሻው ይቀመጥበት፣ እዚህ ጥግ ላይ እየተቀመጠ ጠጅ የሚያፈሰውን ሰው ግን ሌላ ቦታ ውሰዱልኝ አልኳቸው።

ወይዘሮ አስካለ ጎንበስ ብለው ጥጉን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እዚያማ ማንም አይቀመጥም» አሉ። «የእርስዎ ቦታ ነው።»

አልገባኝም። እሳቸው አስረዱኝ። ድግስ በተደገሰ ቁጥር የምንጣፉ ባለቤት ይመጣል ተብሎ ያቺ ጥግ ክፍት ትቀራለች፤ ብርሌም ተቀድቶ ይቀመጥባታል። ሰዓቱ ሄዶ ሰው ለዘፈን ሲነሳ የአንዱ እግር ወይም የአንዷ ነጠላ ጫፍ ይጥለዋል። ታዲያ ለምን አንድ ቀን እንኳ አልጠራችሁኝም አልኩ።

«ዕቃው ከኛ ጋር የዋለ ሰው ቤተኛ አይደል? ቤተኛ ይጠራል እንዴ?» አሉ። «እኛማ የመንግሥት ሰው ነውና ንቆናል ብለን አዘንን።»

ምን ልበላችሁ! ያ ወዳጅ የበዛለት ሰው ለካ እኔ ነበርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ኮቴን ለብሼ ከአጥሩ ወዲህ ጥሪ ስጠብቅ፣ ከአጥሩ ወዲያ እኔኑ ይጠብቁኝ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ። ጭሱ ነው አልኳቸው፤ ምድጃዬ ግን እሳት አልነበረውም።

የሠርጉ ዕለት ሄድኩ። ግን የልማድ ነገር ሆኖ ግባ እስክባል ዳሱ በር ላይ ቆምኩ። ማንም አላለኝም። በኋላ ወይዘሮ አስካለ ቅርጫት ተሸክመው ሲያልፉ አዩኝ።

«አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል? ማንቆርቆሪያውን አንሣና ቅዳ እንጂ» ብለውኝ አለፉ።

ቀዳሁ። ከዳሱ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለስኩ ስቀዳ ዋልኩ። የተጠራ ሁሉ ተቀምጦ ሲበላ እኔ እህል አልቀመስኩም፤ የሚያስበኝም አልነበረ። ያቺ ጥግ እንደ ወትሮዋ ክፍት ነበረች፤ ብርሌዬም ሞልቶ ተቀምጦባታል። አሁን እደርሳለሁ ስል አንዱ ጨመርልኝ ይላል፣ ሌላው ይጠራኛል። ሰው ለዘፈን ሲነሳ አንዲት ልጅ እየሮጠች መጥታ ብርሌውን በእግሯ ጣለችው።

አየሁት። ግን የሚቀዳለት ሰው ይጠብቀኝ ነበርና ጊዜ አልነበረኝም።