ሊቀ ሰንጠረዥ ላዮሽ ከአማታቸው ፊት ተራ የጠበቁበት ዜና

በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ ሊቀ ሰንጠረዥ ላዮሽ ዘሀገረ ሀንጋሪ በተወለዱ በስድሳ ስምንተኛው፣ ወይዘሮ ገነትን ባገቡ በሠላሳኛው፣ ከውድድር በወጡ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ወደ ደብረ ታቦር ወጥተው የፈጸሙት ገድል ይህ ነው።

እኒህ ጌታ በስድስት ዓመታቸው አጎታቸውን፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው የአገራቸውን ጎልማሶች በቼዝ ድል የነሡ፣ በሃያ ሦስት ዓመታቸው የሊቅነት ማዕረግ የተቀበሉ፣ አርባ ከተሞች ገብተው ከሆቴልና ከሰሌዳ በቀር አንዳች ያላዩ ናቸው። ይህ ሁሉ ማዕረግ ግን በአንድ ደጅ አልሠራም። አማታቸው አለቃ ቀለመወርቅ፣ የድጓ መምህር፣ ልጃቸው ለትምህርት ሄዳ በዚያው በባዕድ አገር ስለ ተዳረች ተቀይመው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስልክ «እንግዳው ደኅና ነው ወይ» ከማለት በቀር «ልጄ» ብለዋቸው አያውቁም። ላዮሽም አማርኛቸው ከሰላምታ ባያልፍም ይህችን ልዩነት ያውቋት ነበር፤ ታንገበግባቸውም ነበር።

ወእምዝ ወይዘሮ ገነት በፊት፣ ባለባጃጁ ካሳሁን ሰሌዳ ተሸክሞ በቀኝ፣ ከገሳይ ገብስ ሊሸጡ መጥተው ገበያውን የረሱ ሁለት ገበሬዎች በግራ፣ ማንም ያልጠራው አንድ ውሻ በኋላ፣ አማታቸውን በሰንጠረዥ ሊገጥሙ የመጡት ላዮሽ በመካከል ሆነው ወደ አለቃ ግቢ ገሠገሡ። አለቃም ከአጎዛቸው ሳይነሡ አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ይህ እንግዳ የሚገጥመኝ ባባቶቻችን ሥርዐት ነው። ሰው አገር የመጣ እንዳገሩ ይጫወታል።»

የአባቶች ሥርዐት ደግሞ ወረራ አለበት፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል የለም፣ ሁለቱም እጃቸው የቻለውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህን ለላዮሽ ማንም አልነገራቸውም፤ ሁሉም ሌላው የነገራቸው መስሎት ነበር።

አለቃ ወታደር ገፉ። ላዮሽ ተራቸው ነውና እጃቸውን ቢያነሡ አለቃ ፈረስ አወጡ፤ ላዮሽም እጃቸውን መለሱ። አለቃ አሥራ አራት ጊዜ አንቀሳቀሱ፤ ላዮሽ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሽማግሌው እስኪጨርሱ ጠበቁ። ምሳ ሳይደርስ ንጉሣቸው ተማረከ።

አለቃም ሁለተኛ አዋጅ አወጁ፦ «በወረራ ላይ እጁን የሰበሰበልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ከገዛ ወንድሜ ጋራ እንኳ ጣት እስክንሰባበር ተሻምተናል። ይህ ግን አማቱን አክብሮ፣ ማሸነፍ እየቻለ፣ ተቀምጦ ተወረረልኝ። ካሁን ወዲያ ልጄ ነው። እንግዳ የሚለው ከኔ ጋራ ይጣላል።»

ወይዘሮ ገነት አዋጁን ሲተረጉሙላቸው የወረራውንም ሕግ በጆሯቸው ነገሯቸው። ላዮሽ ቀሉ። በዘመናቸው ሁሉ ሽንፈትን ያለ ምክንያት ተቀብለው አያውቁም፤ አንዴ መብራቱን፣ አንዴ ወንበሩን፣ አንዴ የባላጋራቸውን ሳል ሲከሱ ኖረዋል። አሁን ግን ዳኛ የማይመልሰው ምክንያት ተገኘ፤ ሕጉን አላወቅሁም ቢሉ ሊቅነታቸው ይተርፋል። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። አለቃ አጎዛቸው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ እየለቀቁላቸው ነበር።

አፋቸውን ዘግተው ሄደው ተቀመጡ።

እንግዲህ በአርባ ከተማ ነገሥታትን ለማረኩ፣ በደብረ ታቦር ተማርከው አንዲት ቃል ላልተነፈሱ፣ ከጋፋት እስከ አንበሳሜ «የአለቃ ልጅ» ተብለው ለሚጠሩ ለላዮሽ ምስጋና ይድረስ፤ ዕድሜያቸውም ከአባታቸው ጋራ ይርዘም።