ለአንድ ሸሚዝ የመረጥኩት ሳሙና

ልሳሳት እችላለሁ። ጄሪካኖቹ ሦስት ይመስሉኛል፤ አራትም ሊሆኑ ይችላሉ። መቁጠር የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፣ ባዶ ሆነው ሲጋደሙ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝና ቁጥር ሲጠፋብኝ እጨነቃለሁ። የቀረውን ግን እንደሆነው እነግራችኋለሁ። ቢያንስ ሆነ ብዬ እንደማምነው።

ለመሆኑ ለመንገድ ሳሙና መርጣችሁ ታውቃላችሁ? ቀላል ነገር ይመስላችኋል። እኔ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰናይት እኔ በምሠራበት ወልድያ ያለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነች። ተዋደድን። ሽማግሌ ልልክ ስነሣ እናቷ «መጀመሪያ ልጁን በዓይኔ ልየው» አሉ። ቤተሰቦቿ ያሉት ከላሊበላ ወዲያ፣ ብልባላ ላይ ከመኪና ተወርዶ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ሰናይት ለእናቷ ማኅበር ቀድማ ስትሄድ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ፦ «ሻንጣ እንዳትይዝ። ብዙ ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው ሊሰነብት ነው ይሉታል።»

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ቦርሳ፣ አንድ ነጭ ሸሚዝ። ከቆሸሸ አጥቤ እለብሳለሁ። ታዲያ በምን ሳሙና?

ሦስት መሐረብ ገዝቼ ሦስቱንም ወጥ አስነካሁ። አንዱን በድፍን ሳሙና፣ አንዱን በፈሳሽ፣ አንዱን በዱቄት አጠብኩ። ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፍኩ። ድፍኑ ያጸዳል፤ ግን ከረጠበ በኋላ ቦርሳ ውስጥ ይሟሟል። ፈሳሹ ክዳኑ አይታመንም። ዱቄቱ ቀላል ነው፣ በላስቲክ ይጠቀለላል፣ አረፋውማ አይጣል! ዱቄቱ አለፈ። ለሰናይትም ስልክ ደውዬ ውጤቱን በዝርዝር አነበብኩላት። «ጎበዝ» አለችኝ። ያን ሁሉ ሙከራ ያደረግኩት የቧንቧ ውኃ ለቅቄ መሆኑን ደብተሩ ላይ አልጻፍኩም። ማን ይጽፋል?

ግንቦት ነበር። ጋሸና ላይ ከፍላቂት የመጡ አንዲት እናት ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ የቅቤ ቅል አለ። ፀሐዩ በመስኮት ይገባል። ላሊበላ ስንደርስ ቅቤው ቀልጦ ግማሹ ሸሚዜ ላይ ነበር። እሳቸው በነጠላቸው ሊጠርጉልኝ ሲሞክሩ ወደ ደረቴ አዳረሱት። «አይዞህ ልጄ፣ ጥሩ ቅቤ ነው» አሉኝ። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ለዚህ ቀን አይደል የተዘጋጀሁት?

ሰናይት ቤት ስደርስ እሷና እናቷ፣ እማማ ጥሩነሽ፣ ለማኅበሩ ዕቃ ሊዋሱ ጎረቤት ሄደዋል። አባቷ ቄስ ደምሴ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ደጃፍ ላይ የተቀመጡት አጎቷ አያ ሞላ ብቻ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው አልደከመም። ሸሚዜን በጣታቸው ነካ አድርገው «እሰይ፣ ተቀብተህ መጣህ!» አሉኝ። የቄሱን ጋቢ ከቤት አውጥተው አለበሱኝ።

«አያ፣ ውኃ ይኖራል?» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ጠፍቶ! ጓሮ አለልህ። ቤትህ አይደል እንዴ?»

እናንተ የዚያ አገር ሰው ብትሆኑ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ላስታ ውስጥ እንግዳ ፊት «የለም» አይባልም። እንግዳው ነው ራሱ አይቶ፣ ገምቶ፣ «ለእጄ ጠብታ ይበቃኛል» ማለት ያለበት። እኔ ግን የላቦራቶሪ ውጤት አድርጌ ወሰድኩት። አለ ተባለ፣ አለ።

አጠብኩ። አረፋው ተነሣ። አለቀለቅኩ፤ አረፋው አለ። ደግሜ አለቀለቅኩ፤ ይኸው እንዳለ ነው። ሳሙና ጨርቅ ላይ ከቀረ ያሳክካል፤ ቄሱ ፊት አንገቴን እያከክሁ ልቀመጥ? ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ አልተውኩም። አንዱ ጄሪካን ሲያልቅ ሌላውን ከፈትኩ። በስተመጨረሻ ሸሚዙ በረዶ መሰለ። አጥሩ ላይ ሰቅዬው፣ ለአንዲት ደቂቃ ያህል፣ በራሴ ኮራሁ።

እማማ ጥሩነሽና ሰናይት ድስት ተሸክመው የአረፋውን ጅረት እየተከተሉ ሽቅብ መጡ።

እናትየው ቆሙ። ጄሪካኖቹን አዩ። ከዚያ ድስቱን አስቀምጠው ሳሙኝ። «ደህና ገባህ ልጄ? መንገዱ አላደከመህም?» አሉ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ምንም አይደል። ውኃ ነው፤ ይቀዳል» አሉኝ። ለነገው ማኅበር ለወጡ፣ ለመጠጡ፣ ለእጁ የተቀዳ ውኃ መሆኑን የነገሩኝ አያ ሞላ ናቸው። ቅርቡ ምንጭ ከደረቀ ሰንብቷል። ያለው ገደሉ ሥር ነው።

ሰናይት የከተማ ጫማዋን አወለቀች፣ የእናቷን የላስቲክ ጫማ አጠለቀች፣ አንዱን ጄሪካን አነሣች፤ እናቷም ሌላውን።

«እኔም ልውረድ» አልኩ።

አያ ሞላ ሳቁ። «በቄሱ ጋቢ ጄሪካን ልታዝል? አገሩ ወጥቶ ያይሃል። ተቀመጥ አንተ!»

ተቀመጥኩ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እርጥቡን ሸሚዝ ለብሼ መውረድ እችል ነበር። ብርድ አይገድልም። ግን ተቀመጥ ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ቄስ ደምሴ ገቡ። መስቀል አሳለሙኝና «ጋቢዬን አሞቅህልኝ ማለት ነው» አሉ። ወደ አጥሩ ዞር ብለው፦ «ይኼ ሸሚዝ ከበሬዬ ይበልጥ ይጠጣል!» ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሦስታችንም ቁልቁለቱን አየን።

ሴቶቹ ሲመለሱ ፀሐይ ጠልቃለች። ጀርባቸው ርሷል። ሰናይት በአጠገቤ ስታልፍ ቀና አላለችም።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ በአጥቢያው ከኔ የነጣ ልብስ የለበሰ አልነበረም። አንዲት ሴት ወደ ጎረቤታቸው ጎንበስ ብለው፣ እኔም እንድሰማ አድርገው፣ «የውኃው ልጅ ይኼ ነው?» አሉ። «ነው» አለቻቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌ ላክሁ። መልሱ «ልጅቷ ገና ናት» የሚል ሆነ። ሰናይት የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

እናትየው ተቀይመዋል አልኩ። አይ፣ አባትየው ናቸው፤ ማኅበራቸውን አዋረድኩባቸው። ወራት ሙሉ ይህንኑ ሳመነዥክ ከረምኩ። ያ ሁሉ ፍቅር በአንድ ሸሚዝ? ምን ዓይነት ጨካኝ ወላጆች ናቸው? ሰናይት ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ ታልፋለች። እሷም እንደኔው በሐዘን የምታየኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን መርፌ ክፍል ብቻዋን አገኘኋትና ጠየቅኳት። «አባትሽ በውኃው ተቀይመው ነው አይደል?»

«አባቴ?» አለች። ጓንቷን አወለቀች። «ያን ቀን ምንጩ ላይ ከፊታችን አሥራ አንድ ሴት ነበር። ውኃው እንደ ግሉኮስ ነው የሚንጠባጠበው። ቆሜ ሳስብ ነበር። የሦስቱን መሐረብ ውጤት በስልክ አንብበህልኛል። ቤታችን ውኃው ከየት ይመጣል ብለህ ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። እዚያው ሰልፉ ላይ ወሰንኩ።»

«ምን?»

«እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አላመንኳትም። ወላጆቿን ለመሸፈን ይሆናል አልኩ። እንደ ልማዴ ላጣራ፣ ከላክኋቸው ሽማግሌዎች የቄሱ ዘመድ ወደሆኑት ሄድኩ። ትንሽ አቅማሙና ነገሩኝ። እውነት ነው፤ እሷ ናት። እናትየው ሁለት ቀን ሙሉ መክረዋታል። ቄስ ደምሴም «ምነው ልጄ፣ ቢያንስ ንጹሕ ነው እኮ!» እያሉ ለምነውልኝ ነበር።