በውሻው ሂሳብ

የዕቃ ዋጋ ገበያ ላይ የሚወሰን ይመስላችኋል፤ እኔም ብዕር እስክይዝ ድረስ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዕቃው ገበያ ሳይደርስ፣ የደከመበት ሁሉ መዝገብ ላይ እንደ ድግስ ቤት መቀመጫ ይደለደላል። ማን ጠግቦ፣ ማን ጾሙን እንደሚያድር የሚለየው ያኔ ነው።

በጃንሆይ ዘመን ሰበታ ውስጥ በአንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ሂሳብ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራው መጠንቀቅ ብቻ ይፈልጋል፤ መጠንቀቅ ደግሞ ከእናቴ ማሕፀን ይዤው የወጣሁት ነው። ኑጉ ከመጋዘን ሲወጣ ከጥሬ ዕቃ ቀንሼ «በሥራ ላይ ያለ ዘይት» በሚባለው ሂሳብ ላይ እጽፋለሁ። የሠራተኛው ደመወዝም «የእጅ ሥራ» ተብሎ እዚያው ይደመራል። መብራቱ፣ የማሽን ቅባቱ፣ የጣሪያው ጥገና «ጠቅላላ ወጪ» ይባላሉ። ልዩነቱ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ሲቆም የእጅ ሥራ ይቆማል፣ ጠቅላላ ወጪ ግን አይቆምም።

ዘበኛችን ኦቦ ጉደታ የዓለም ገና ሰው ነበሩ። መጀመሪያ የተቀጠሩት ጆንያ ለመሸከም ነው፤ የባለቤቱ የፈረንጅ ውሻ ከሳቸው በቀር ሰው አላስጠጋ ሲል ከነውሻው በር ላይ ቆሙ። ስማቸው ግን ከተሸካሚዎቹ ጋር እንደተጻፈ ቀረ።

ሐምሌ ላይ ኑግ አልቆ ማሽኑ ቆመ። ባለቤቱ፣ ፈረንጅ ስለሆነ ሙሴ ነበር የምንለው፣ «የእጅ ሥራ የተባለ ሁሉ ይሰናበት» አለ። ኦቦ ጉደታ መስኮቴ ሥር መጡ።

«ጸሐፊ፣ እኔ የት ነው ያለሁት?»

«ከእጅ ሥራ ጋር ነዎት።»

«ውሻውስ?»

«ጠቅላላ ወጪ ውስጥ።»

«እንግዲያው እኔንም እዚያ ጻፈኝ። ከሱ በታች ቢሆንም ግድ የለኝም። አምስት ልጅ ይዤ ክረምቱን የት እገባለሁ?»

ፈራ ተባ እያልኩ ለሙሴ ነገርኩት። «ሂሳብ ዘመድ የለውም» አለኝ። ይህን ሲለኝ ለውሻው ሥጋ እየቆረጠ ነበር።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ያኛው ግን ኦቦ ጉደታ ከሄዱ ወዲህ መብላቱንም መጮኹንም ተወ። የጎን አጥንቱ ሲቆጠር ሙሴ ደንግጦ ሰውየውን አስጠራቸው። በየትኛው ሂሳብ እንደምጽፋቸው ስጠይቀው ብዙ አላሰበም።

«የውሻ ቀለብ።»

ጻፍኩ። የውሻ ቀለብ ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት።

ኦቦ ጉደታ ለደመወዛቸው ሲፈርሙ የት እንደገቡ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ደግ ነው። ለሚስቴ ግን እንዳትነግር፤ እሷ ዘበኛ ያገባች ይመስላታል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ በየክረምቱ ሲበተኑ እሳቸው ከረሙ። በዕድላቸው የሚቀናም አልጠፋም። በመጨረሻ ውሻው አረጀና ሞተ። ሙሴ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ መጥቶ፣ «ያን ሂሳብ ዝጋው» አለኝ። ሂሳብ ሲዘጋ ደግሞ ውስጥ ሰው አለ ወይ ተብሎ አይንኳኳም።

ኦቦ ጉደታ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆፍረው ቀበሩት። ጭቃ የያዘውን አካፋ በቅጠል ጠርገው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስደገፉት።

«ጸሐፊ፣ አሁንስ የት ነኝ?»

መዝገቡን ገለጥኩ። አካፋውን ዕቃ ቤት ገቢ አደረግኩት፤ እሱ ቦታ ነበረው።