የናቲ መቶ ግራም

ልጅ የወለደ ሰው ምክር አይቸግረውም። ዳይፐር ሊቸግረው ይችላል፤ እንቅልፍማ ጭራሽ አይነሳ። ምክር ግን እንደ ሮቤ ዝናብ ነው፤ ጃንጥላ ብትዘረጉም በጎን በኩል ያገኛችኋል። ባጃጅ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠች፣ ስማችሁን እንኳ የማታውቅ ሴት እጇን ሰዳ የልጁን ኮፍያ ወደ ጆሮው ትስብላችኋለች። ዳቦ ልትገዙ ስትሄዱ ባለሱቁ መልስ እየቆጠረ ስለ ሕፃናት የሆድ ቁርጠት ያስረዳችኋል። ሰውየው ልጅ የለውም። ይህ ግን አላገደውም።

እኛ ሮቤ ያለን ወላጆች ደግሞ ምክሩን የምንቀበለው በሁለት ቋንቋ ነው። መካሪው በአማርኛ ተናግሮ ጥቂት ራመድ ካለ በኋላ ይመለስና በኦሮምኛ ይደግመዋል፤ ምናልባት መጀመሪያ የነገረን ካልገባን ብሎ ነው። ይህን ስል ግን ምክር ያስመረረኝ ሰው እንዳልመስላችሁ። ከዚያ ሁሉ መካሪ አንዱም ቤታችን ላይ ጉዳት አላደረሰም። ጉዳቱን ያደረስኩት እኔ አባትየው ነኝ።

ያደግሁት መተሐራ ነው፤ ሰው ከጥላ ወደ ጥላ እየተሯሯጠ የሚውልበት አገር። መምህር ሆኜ ሮቤ ስመደብ፣ ሰው ከፀሐይ ወደ ፀሐይ የሚሯሯጥበት አገርም እንዳለ አወቅሁ። ስምንት ዓመት ኖሬበት እንኳ ብርዱን እንደ ግል ጠላቴ ነው የማየው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ሰብለ ደግሞ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ አሁን የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። በተከራየነው ግቢ ውስጥ ከጎናችን የስንዴ ነጋዴው ጀማልና ባለቤቱ ዘሃራ ይኖራሉ። ዘሃራ ሴት ልጇን ፊርዶስን በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ሰብለ ወንድ ልጃችንን ናቲን ወለደች። ሁለቱም የመጀመሪያ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ አራት ምንም የማናውቅ ሰዎችና አንድ ሁሉን የሚያውቁ ሰው ነበርን። እሳቸውም የቤቱ ባለቤት፣ በኦሮምኛ “አዴ” (እናት) የምንላቸው አዴ ኩልሱማ ናቸው። ስምንት ወልደው ስምንቱንም አሳድገዋል፤ ቁጥሩን የሚጠቅሱት ክርክር ሲነሳ ብቻ ነው።

ጠዋት ደመናው ገለጥ ካለ ሁለቱ እናቶች በአጥሩ ግንብ ሥር ፍራሽ ያነጥፉና ሕፃናቱን ፀሐይ ያሞቃሉ። ዘሃራ ለሰብለ ልጅ እንዴት እንደሚያስገሱ አሳየቻት። ሰብለ ለዘሃራ የፊርዶስ አንገት ላይ የወጣው ሽፍታ ከልብስ ብዛት እንጂ ከሰው ዓይን እንዳልሆነ ነገረቻት፤ ዘሃራም ነገሩን ከሁለት በኩል ያዘችው፤ ልብሱንም አሳሳች፣ ቁርኣንም አስቀራች። ሽፍታው ጠፋ። እኔ ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር አልተማርኩም።

ናቲ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ሲሆነው ለሁለተኛው ዙር ክትባት ሰብለ ብቻዋን ይዛው ሄደች፤ እኔ ክፍል ነበረኝ። ስመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የክትባት ካርዱን ስታይ አገኘኋት። መጀመሪያው ዙር ላይ አምስት ኪሎ ከሦስት መቶ የተጻፈለት ልጅ፣ ከአንድ ወር በኋላ አምስት ኪሎ ከአራት መቶ ሆኗል። በወር መቶ ግራም። ጤና ባለሙያዋ ቶሎ ቶሎ እንድታጠባውና በሁለት ሳምንት መልሳ እንድታመጣው ነግራታለች።

“ወተቴ አይበቃውም” አለችኝ፤ ድምፅዋ ፈተና የወደቀ ተማሪ ድምፅ ነበር።

እኔ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ? “የዱቄት ወተት ልግዛ?” አልኳት። ደግ ያደረግሁ መስሎኝ። እሷ ግን ፍርድ የተሰጠባት ያህል አንገቷን ደፋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀሐይ ላይ መውጣት ተወች። በየግማሽ ሰዓቱ ታጠባዋለች፤ ባጠባችው ቁጥር “ጠገበ እንዴ?” ትለኛለች። እኔ ምኑን አውቄ! ጥቂት ቆይታ ደግሞ ልጁን እያየች ታለቅሳለች። በጣም አዘንኩላት፤ ምን እንደማደርግም ጠፋኝ።

ወሬው አጥር ዘለለና ምክሩ ይጎርፍ ጀመር። አዴ ኩልሱማ ለልጁ ለጋ ቅቤ በጣት ይዘው መጡ፤ ሰብለ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ መባሏን ብትነግራቸው፣ “ስምንት ወልጃለሁ” አሏትና ቅቤውን የሷ ገንፎ ላይ አፈሰሱት። አጋርፋ ያለ ባልደረባዬ ደውሎ ተልባ አለ። ባለሱቁ አብሽ አለ። ምስኪኗ ሰብለ ሁሉንም ጠጣች።

ዘሃራ ግን ምክር አልሰጠችም። በሦስተኛው ቀን በሩን ሳታንኳኳ ገባች፤ “ወዲህ በይው” ብላ ናቲን ተቀብላ ታጠባው ጀመር። “የኔ ሞልቶ ልብሴን እያበላሸው ነው። ጀማልንም አስፈቅጄዋለሁ” አለች። ሁለቱም እናቶች በእርግዝና ክትትላቸው ኤችአይቪ ተመርምረው ነፃ ናቸው፤ ቢሆንም ጤና ባለሙያዋ ብትሰማ እንደምትቆጣን አውቃለሁ፤ እናንተም ሳትጠይቁ እንዳታደርጉት።

አዴ ኩልሱማ ይህን ሲያዩ የእስልምናውን ሥርዓት አስረዱን። ልጅ ከአንዲት ሴት አምስት ጊዜ ጠግቦ ከጠባ ልጇ ነው፤ ናቲና ፊርዶስ የጡት ወንድምና እህት ይሆናሉ፤ መጋባት የሚባል ነገር አይታሰብም።

“አዴ፣ ገና አንገታቸው እንኳ አልጸናም፤ ጋብቻ ይከለክሏቸዋል?” አለች ዘሃራ እየሳቀች።

“ዛሬ ያልተነገረ ነገር በኋላ ያጣላል” አሉ አዴ፤ አንድ ብለውም ጣታቸውን አጠፉ።

ናቲ ጠግቦ ተኛ። ሰብለ አመሰገነቻት፤ ዘሃራ ስትወጣ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጇ በሌላ ሴት ወተት ሲጠግብ በዓይኗ አይታለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልግ? ያን ሳምንት ዘሃራ በመጣች ቁጥር ናቲ እየወፈረ፣ ሰብለ እየከሳች የምትሄድ መሰለኝ።

ቅዳሜ እለት ጀማል መጋዘን ሄጄ ተቀመጥኩ። የሲናና ገበሬዎች ስንዴ ያራግፋሉ፤ ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ጀማል ቁጥሩን ያይና የባዶ ጆንያውን ክብደት ቀንሶ ይጠራል። የሆዴን ሳወጋው ስልኬ ላይ ያለውን የካርዱን ፎቶ አሳየሁት። ነጋዴ ቁጥር አያያዙ ሌላ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየው።

“ባርሲሳ” አለኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለቱ ነው። “ይኼ የፊተኛው ከነጆንያው ነው እንዴ?”

“የምን ጆንያ?”

“ልብሱን ነዋ። ያን ቀን ይዘኸው ስትወጣ አይቼሃለሁ እኮ። ልጁ አይታይም ነበር፤ ወላሂ፣ ብርድ ልብስ ብቻ የያዝክ ነው የመሰለኝ። አውልቀህ ነው ያስመዘንከው?”

ለካስ በመጀመሪያው ዙር ይዤው የሄድኩት እኔ ነበርኩ! ካፊያ የሚጥልበት ጠዋት ነው። ጤና ባለሙያዋ “ልብሱን አውልቅለት” ብላኝ ወደ መርፌው ዞረች። እኔ የመተሐራ ልጅ፣ በዚያ ብርድ ልጄን ላራቁት? የሳምባ ምች ይያዝ? ከነሹራቡ፣ ከነብርድ ልብሱ፣ እንደ ሱሪ የተሰፋችው የሚዛኑ ማንጠልጠያ ውስጥ ጠቅጥቄ አንጠለጠልኩትና ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ። እሷም የነገርኳትን ጻፈች። ሰብለ ደግሞ በተራዋ እንደታዘዘችው አውልቃ አስመዘነችው። ልኬት አሳሳታችሁ እያልኩ የተማሪ ማርክ የምቀንሰው ሰውዬ ይኸው ነኝ!

ቤት ሄጄ ያን ቀን የለበሰውን ሁሉ ሰብስቤ በፌስታል ይዤ ባለሱቁ ጋ ሮጥኩ። ሁለት ሹራብ፣ ቱታ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ብርድ ልብስ። ስኳር የሚመዝንበት ሚዛን ላይ አደረገው። ስምንት መቶ ግራም። “ይኼን ሁሉ ለሕፃን? ያፍነዋል እኮ” አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምክሩን ተቀበልኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ቤት ስመለስ ላልነግራት አስቤ ነበር። ዝም ብል ማን ያውቃል? በሁለት ሳምንት ሲመዘን ክብደቱ ጨምሮ ይገኛል፤ ምስጋናውም ለዘሃራ ወተት ይሆናል፤ እኔም እተርፋለሁ። ሰብለ ግን በር ላይ ስታየኝ ያን ጥያቄዋን ደገመችልኝ፤ “አሁን አጠባሁት፤ የጠገበ ይመስልሃል?” ፌስታሉን ፊቷ ዘረገፍኩና ሁሉንም ነገርኳት።

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። በጣቷ ስትቀንስ ቆየች።

“ዘጠኝ መቶ ግራም ነው የጨመረው?”

“ዘጠኝ መቶ።”

“በኔ ወተት?”

“በአንቺ ወተት ብቻ። ካርዱ የተጻፈው ዘሃራ ከማጥባቷ በፊት ነው።”

ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ከሳምንቱ ልቅሶ ሁሉ የበለጠ። “ልጄን ያስራብኩት መስሎኝ እኮ ነበር” አለችኝ። “አንተ ብርድ ፈርተህ!” ይቅርታ አልኳት። ይቅርታ የሚለው ቃል ያን ቀን በጣም አጠረብኝ።

ለዘሃራም መናገር ነበረባት፤ የሰጠሽን ነገር አያስፈልገንም ነበር ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። ዘሃራ ሰምታ ሰምታ፣ “ታዲያ የጠባውን ልትመልሺልኝ ነው?” ብላ ሳቀች። አዴ ኩልሱማ ጣታቸውን ቆጥረው ስድስት ሆኖ አገኙት። ስድስት ከአምስት ይበልጣል። የእኔ ስህተት ስህተት ሆኖ ይቀራል እንጂ ወንድምና እህትነቱ እንደማይሻር ነገሩን። ጀማልም ከዚያን ቀን ወዲያ ናቲን “ልጃችን” ማለት ጀመረ፤ ሲለውም አይቀልድም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ካርድ ላይ ያለ ቁጥር ሲታረም ሰው ልብ ውስጥ ያለው አብሮ አይታረምም። በቀጠሮው ናቲ ራቁቱን ተመዝኖ ጥሩ ጨመረ፤ ጤና ባለሙያዋም እኔን እያየች “አንተ ወዲያ ራቅ በል” አለች። ሰብለ ግን አሁንም አጥብታ ስትጨርስ ዓይኗ ወደ ዘሃራ በር ይሄዳል። “ጠገበ እንዴ?” የምትለው ነገር አልለቀቃትም። እኔም በየጊዜው “ጠግቧል” እላለሁ፤ የእኔ ምስክርነት ከዚያ ወዲህ ምን ዋጋ እንዳለው መገመት አያቅታችሁም።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ጠዋት ዘሃራ ሆዷን ይዛ ወደቀች። ትርፍ አንጀት ነበር። ጀማል ጎባ ሆስፒታል ሊያደርሳት መኪና አቆመ፤ “ለፊርዶስ የዱቄት ወተት ገዝቼ ልምጣ” ሲል፣ በሕመም የታጠፈችው ሴት ቀና አለች።

“ሰብለ እያለች የምን ዱቄት?” አለችው።

ፊርዶስን ለአዴ ኩልሱማ አልሰጠቻትም፤ ለእህቷም አልላከቻትም። ሰብለን ነው ያስታቀፈቻት። ሰብለ ተቀበለቻት። ፊቷ ግን ገርጥቶ ነበር።

ዘሃራ ቀዶ ጥገናው አልቆላት፣ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ አራት ቀን ጎባ ቆየች። በአራቱ ቀን ቤታችን ውስጥ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል፤ አንዷ ስታገሳ ሌላው ይርበዋል። እኔ ዳይፐር አመላላሽ ሆንኩ። ሰብለ ሁለቱን በተራ፣ አንዳንዴም ግራና ቀኝ አቅፋ በአንድ ጊዜ ታጠባለች፤ አዴ ገንፎ እያመጡ “ብዪ ልጄ” ይሏታል። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ገረመኝ፦ ያ ጥያቄ ከቀረ ቆይቷል። እኔም አላስታወስኳትም።

እሑድ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነበር። ዘሃራ ጀማልን ተደግፋ፣ ጎኗን ይዛ፣ ቀስ እያለች በግቢው በር ገባች። “አልሃምዱሊላህ” ብላ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሰብለ ፊርዶስን አስታቀፈቻት። ዘሃራ የልጇን ጉንጭ አየች፣ ጭኗን ጨበጥ ጨበጥ አደረገች፤ ከዚያ እንደ ማንኛዋም እናት የሚያስጨንቃትን ጠየቀች።

“በቃት?”

ሰብለ ናቲን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው።

“ተረፋት” አለች።