የዞሩት ፊደሎች

«ይሁን፣ እንዲሁ ይበቃል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አልወደውም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተርን ያለ አስተማሪ የተማረ ሽማግሌ ማን ነው ቢባል እኔው ነኝ፤ ስህተት አይቼ አላልፍም።

አንድ ጉም የሸፈነው ቀትር ላይ አስካለ የምትባል የአንኮበር ሸክላ ሠሪ ወደ ኮምፒውተር ቤቴ መጣች። እስራኤል የሄደው ወንድሟ ከደወለ ዓመት አልፎታል። የዚያን አገር ሙታን ስም የያዘ ድረ ገጽ ከፈትኩላት። ወንድሟ ስሙን ከነአባቱ በዕብራይስጥ የጻፈበትን ፖስታ ይዛ፣ ፊደል በፊደል አመሳከረች።

«የለም! ተመስገን፣ ጋሼ፣ የለም!»

እኔ ግን ነቃሁ። ዕብራይስጥ ከቀኝ ይጀምራል፤ ድረ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ብሮውዘሩ፣ እንደ አማርኛ ከግራ ደርድሮታል።

«ቆዪ፣ ተገልብጧል። ይህን የሚያውቅ በዚህ ከተማ እኔ ብቻ ነኝ።»

«ይቅርብዎ ጋሼ፣ ደህና ነው።»

ይቅር? እኔ? የጽሑፉን አቅጣጫ የሚያዞረውን ቁልፍ ተጫንኩ። ፊደሎቹ ከኋላቸው እንደተጠሩ ሰዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ስም ከፖስታው ጋር አንድ ሆነ።

አስካለ አላለቀሰችም። ፖስታውን አጣጠፈች።

«ጋሼ፣ እንደነበረ ይመልሱልኝ።»

መለስኩላት። ስክሪኑን ዳግም ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ይኸው፣ የለም» ብላኝ ወጣች።