ድክመት ፍለጋ በአሰብ

ጉድለቱን እንዲነግሩት ሰው ለምኖ የሚያውቅ አለ? እኔ ለምኜ አውቃለሁ። ያውም በአሰብ ሙቀት፣ ከቤት ቤት እየዞርኩ። አትሳቁ እንጂ! ገንዘብ የሚለምን ሰው ባይሰጡት እንኳ “እግዜር ይስጥህ” ተብሎ ይሸኛል። ድክመት የሚለምነውን ምን ብለው እንደሚሸኙት ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ጊዜው ባንዲራው ተለውጦ ብሩ ገና ያልተለወጠበት ነው። አሰብ የኤርትራ ሆናለች። እኛ ከመሃል አገር መጥተን ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የምንሠራው ግን እንደ ድሮው በብር ዓሣ እየገዛን፣ እንደ ድሮው በጠዋት ሥራ ገብተን ቀትር ላይ ቬንቲሌተር ሥር እንጋደማለን። እኔ የማጣሪያው ነገረ ፈጅ ነበርኩ። “ነዳጅ ደግሞ ምን ጠበቃ ያስፈልገዋል?” ትሉ ይሆናል። እናቴም እንደዚያው ትል ነበር። ነዳጅ ሲጫንም፣ ሲራገፍም፣ ሲጎድልም፣ ሲዘገይም ሁለት ሰው መጣላቱ አይቀርም። ሁለት ሰው በተጣላበት ደግሞ የእኔ እንጀራ አለ።

ታዲያ አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ከውጭ የሚመጡ የነዳጅ ነጋዴዎች ከአለቆቻችን ጋር ተቀምጠው ሲደራደሩ እኔም ከጠረጴዛው ጫፍ እቀመጣለሁ። ስለ ዋጋ ያወራሉ፣ ስለ መርከብ ኪራይ ያወራሉ፣ እኔ በማይገባኝ ነገር ተያይተው ይስቃሉ፣ ከዚያ ይወስናሉ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ወደ እኔ ዞረው “በል እንግዲህ ጻፈው” ይሉኛል። እነሱ የሚነዱት መኪና ላይ ታርጋ ለጣፊ መሆኔ ነው። ምን ልደብቃችሁ፣ ቅናት አንጀቴን በላው። እኔም ከሚወስኑት ወገን መሆን አማረኝ።

እናም በአውሮፓ ላለ አንድ የንግድ ሥራ አመራር ትምህርት ቤት አመለከትኩ። ለአንድ ዓመት ነው፣ ወጪውን እነሱ ይችላሉ። የዕድሜ ገደብ ግን አላቸው፤ እኔ ደግሞ ገደቡ ጫፍ ላይ ነበርኩ። ዘንድሮ ካለፈኝ አለፈኝ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን ታርጋ ስለጥፍ መኖሬ ነው።

ሁሉንም ጥያቄ መልሼ አንዱ ላይ ተገተርኩ። “ዋናው ድክመትዎ ምንድን ነው? በምሳሌ ያስረዱ” ይላል። በሞቴ፣ ይኼ ጠበቃ ይጠየቃል? ደንበኛዬ ሳይከሰስ እንዳያምን ስመክር የኖርኩ ሰው እኔ ራሴ ቃሌን ልስጥ? የመጀመሪያው መልሴ እንዲህ የሚል ነበር፦ “አመልካች ድክመት አለበት መባሉ በማስረጃ ያልተደገፈ ስለሆነ ጥያቄው ውድቅ እንዲደረግልኝ አመለክታለሁ።” ባለቤቴ ጽጌ አንብባው እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጽጌ አስተማሪ ናት፤ የተማሪ መልስ ስታርም የማትስቀውን ሳቅ ነው የሳቀችብኝ።

“እሺ፣ አንቺ ንገሪኛ ድክመቴን” አልኳት።

“ስንት ገጽ ነው የሰጡህ?”

“ግማሽ ገጽ።”

“አይበቃም” ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ስለዚህ ወደ ውጭ ወጣሁ። መጀመሪያ ጎረቤቴ ኢንጂነር ታደሰ ጋ ሄድኩ። ታደሰ ማጣሪያው ውስጥ ከፓምፕና ከቧንቧ ጋር ሲታገል የሚውል፣ አርብ አርብ ደግሞ በይሉል ወደምትባለው የባሕር ዳር መንደር ወርዶ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ነው። ጉዳዬን ስነግረው ተቆጣ። አንተን የመሰለ ሰው የት ይገኛል አለኝ፤ ድክመት ካለህ ሥራ ማብዛትህ ነው አለኝ። ውሸቱን ነው፤ ቀትር ላይ የኔን ማንኮራፋት በግድግዳው በኩል የሚሰማው እሱ ነው። ቀጥዬ ጋሽ መኩሪያን ያዝኩ። ጋሽ መኩሪያ በአሰብና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያረጁ የቦቴ ሹፌር ናቸው። “እርስዎ ደግሞ ምን ጉድለት አለብዎት፣ ጌታዬ!” ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። አያችሁ የእኛን ሰው? በሌለህበት ቢሆን ድክመትህን በየሻይ ቤቱ በነጻ ያድለዋል። ፊት ለፊት ስትጠይቀው ግን ይሉኝታ አፉን ይይዘዋል።

ተስፋ ቆርጬ ቤት ስገባ ዘዴውን ያመጣችው ጽጌ ናት። “ሰው ተቀምጠህ እያየህ ጉድለትህን አይነግርህም” አለች። “መንገደኛ ነኝ በላቸውና ይቅርታ ጠይቅ።”

“ገና ሳልሄድ?”

“ትሄድ የለም እንዴ?”

“ያው… እንደ ሁኔታው ነው” አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

ታውቁታላችሁ መቼም፤ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው “ያስቀየምኩህ ነገር ካለ ይቅር በለኝ” ሳይል አይነሣም። መንገድ ነውና ቂም ይዞ መሸኘት ደግሞ ያስፈራል። ታደሰ ቤት ተመልሼ ይህንኑ አልኩ። “ኧረ ምን በወጣህ! ምን አስቀይመኸኝ ታውቃለህ!” አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና “ካነሣኸው አይቀር ግን…” አለ።

በቃ፣ ተገኘ!

በየሳምንቱ “አርብ በይሉል ትመጣለህ?” ሲለኝ አንድ ቀን “እመጣለሁ” ወይም “አልመጣም” ብዬው አላውቅም አለኝ። “የሚያግደኝ ነገር ካልተፈጠረ” እለዋለሁ። ምሳ ይያዝልኝ አይያዝልኝ ሳያውቅ፣ መኪናውን አስነሥቶ በሬ ላይ ሲጠብቀኝ፣ ዓሣው ሁሉ የሌላ ሰው ሲሳይ ሆኖ ቀረ አለ። ለካ ስንት ጊዜ አምቆት ኖሯል። ከዚያ አቅፎ ሳመኝና ይቅር አለኝ።

ጋሽ መኩሪያ ደግሞ ከአንቱታው ወረዱልኝ። “ይቅር ለእግዜር! አንተ ልጅ ግን አቃጥለኸኛል” አሉ። በአሰብ ሙቀት የተጫነ ነዳጅ ደጋ ሲደርስ በቅዝቃዜው ይሰበሰባል፤ ማንም ሳይነካው ይጎድላል። ተረካቢው “የት ሄደ?” ይላል፣ ዓይን ሁሉ ሹፌሩ ላይ ነው። አንድ ጊዜ መጥተው “በዚህ እጠየቃለሁ ወይስ አልጠየቅም?” ብለውኝ ነበር። እኔም “ሊያስጠይቅም፣ ላያስጠይቅም ይችላል፤ እንደ ሁኔታው ነው” ብዬ ሸኘኋቸው። በሕግ ካያችሁት መልሱ ትክክል ነው። “ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻ ሌባ ልሁን ንጹሕ ሰው ልሁን ሳላውቅ ነዳሁ” አሉኝ። “ረዳቴ ‘ጋሼ፣ ደህና ነህ ወይ?’ ቢለኝ፣ ‘እንደ ሁኔታው ነው’ አልኩት።” እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ቤት ገብቼ ጽጌንም ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ለካ የምትጠብቀው ይኼንን ነው። “ስታገባኝ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?” አለች። አላስታውስም አልኩ። “‘በአንቺ በኩል ተቃውሞ ከሌለና ሁኔታዎች ከፈቀዱ ብንጋባ’ ነው ያልከኝ። ሽማግሌ ይምጣ አይምጣ ሳላውቅ ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት? ዛሬም ‘ትወደኛለህ?’ ስልህ ‘በመርህ ደረጃ’ ትለኛለህ።” ሦስቱ ሰዎች ሳይማከሩ አንድ ቃል ከመሰከሩ ጠበቃ ምን ይላል?

ጻፍኩት። “ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት አልችልም” ብዬ፣ የጋሽ መኩሪያን መንገድ ምሳሌ አድርጌ። በአሰብ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተላከ።

ከወራት በኋላ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ በቴሌክስ መልስ መጣ። ተቀብለውኛል! መምጣቴን በቶሎ እንዳረጋግጥ፣ አለዚያ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ይናገራል። እንደ ልጅ ዘለልኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ መልሱን አረቀቅኩና በኩራት ለጽጌ አነበብኩላት፦ “ጥሪያችሁን በመርህ ደረጃ የተቀበልኩ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ሌሎች መብቶቼ እንደተጠበቁ ሆነው፣ አሠሪዬ ከፈቀደ፣ የጉዞ ሰነዶቼ በወቅቱ ከተሟሉ እና ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካላጋጠመ…”

“ሰዎቹ ያሉህ ‘ትመጣለህ ወይ?’ ነው” አለች።

“ሰነዱ ቢዘገይስ? ቃሌን ሰጥቼ ውሸታም ልባል? ቀድሞ የተናገረን ሰው ይጠላዋል፣ ቀድሞ የበቀለን ወፍ ይበላዋል ይባል የለም?”

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባልም አለ” አለችኝ። እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። ከሥሩ “አዎን፣ እመጣለሁ” ብላ ጻፈች። በማግስቱ ያው ተላከ። የቴሌክሷ ሠራተኛ ስትመታው አጠገቧ ቆሜ ላቤ ወረደ፤ ያላበኝ ግን ከሙቀቱ አልነበረም።

የምሄድ ዕለት ታደሰ የደረቀ ዓሣ ቋጥሮ፣ ጋሽ መኩሪያ ቦቴያቸውን ደጅ አቁመው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኙኝ። ጽጌ ማስተማሯን ትታ አትሄድም፤ ዓመቱን አሰብ ልትጠብቀኝ ነው። ስንት ሰው ለአንድ ዓመት ብሎ ሄዶ እንደቀረ ሁለታችንም እናውቃለን። “ትመለሳለህ ወይ?” ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ። አልጠየቀችኝም። መልሴን አስቀድማ የምታውቀው መስሎኝ ይበልጥ ከፋኝ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት። ውጭ ይዘንባል። መምህሩ አንድ ነገር ይዞ መጣ፦ አንድ ኩባንያ አለ፣ የነዳጅ ዋጋ ወርዷል፣ አሁን መርከብ ይግዛ ወይስ አይግዛ? ከየአገሩ የመጣው ተማሪ እጁን እያወጣ አንዱ “ይግዛ!” ሌላው “አይግዛ!” አለ። ሁሉም እርግጠኛ ነው። እኔ ከዚህ በኋላ ቁርጥ ያለ መልስ እንጂ ሌላ አልናገርም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። መምህሩ ጣቱን ቀሰረብኝ። አፌ አመለኛ ነውና “እንደ ሁኔታው ነው” አለ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። መምህሩ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። “በመጨረሻ!” አለ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው፤ ዓመቱን ሙሉ የምትማሩት ይህችኑ ነው፣ ይህን የተረዳ ሰው የሚቀረው ምርቃት ብቻ ነው አላቸው። ተማሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ የማየው ግን ሌባ ይሁኑ ንጹሕ ሰው ሳያውቁ የሚነዱትን ጋሽ መኩሪያን ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ለጽጌ ስልክ ደወልኩ። ነገርኳት። “ኧረ በማርያም! ያ ሁሉ ሰው ይቅር ያለህ በከንቱ ነዋ!” ብላ ሳቀች። ሳቋ አለቀ። ከዚያ ቀስ ብላ “ትመለሳለህ ግን?” አለችኝ።

“አዎን” አልኳት።

“ምነው?” አለች ደንግጣ፣ “አሞሃል እንዴ?”