ስለ ሀገረ ሕይወት ቤተ መጻሕፍት የሰጠሁት ቃል

ጥንቁቅ ሰው ማንንም አይጎዳም ብዬ አስብ ነበር። እኔ በር ቆልፌ ተመልሼ የምነካካ፣ ወረቀት ላይ ከመፈረሜ በፊት ሦስት ጊዜ የማነብ ሰው ነኝ። ሆኖም አንድ ቤት አፍርሻለሁ። ያውም መዶሻ ሳልይዝ።

ቤቱ የሀገረ ሕይወት ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ አምቦን ያን ጊዜ ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ብለን ነበር የምንጽፋት። መጀመሪያ የተሠራው ለመጻሕፍት አይደለም። በንጉሡ ጊዜ ለፍል ውሃው የሚመጡ መኳንንት ያርፉበት ነበር። በኋላ በሁለት መኝታ ክፍሎች መካከል የነበረው ግድግዳ ተነሣና የንባብ አዳራሽ ሆነ፤ መኳንንቱ ካባቸውን በሰቀሉበት ችካል ላይ ተማሪ የዝናብ ልብሱን ያንጠለጥል ጀመር። ግድግዳው ጭቃ፣ ምሰሶው ጽድ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩ ዘበኛው ነበርኩ፤ የቀረኝን ትምህርት እዚያው በር ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት።

ከአብዮቱ በኋላ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች መጡ። ቦታው ለስብሰባ አዳራሽ ተፈልጓል፤ ቤቱ ጤነኛ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ቤቱን ከእኔ በላይ የሚያውቀው ስላልነበረ ጠየቁኝ።

«ጓድ ለሚ፣ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? በዚያ ዘመን የተናገሩት ይጻፋል፤ የተጻፈ ደግሞ አንድ ቀን ይፈለጋል። አይወድቅም ብዬ ነገ ተማሪ ላይ ቢወድቅስ?

«አይወድቅም ብዬ መፈረም አልችልም» አልኩ።

«ይወድቃል ማለትህ ነው?»

«እሱንም አላልኩም።»

«ተወው፣ ገብቶናል» አለና ሰብሳቢው ጻፈ፦ ዘበኛው ለቤቱ ደኅንነት ዋስ መሆን እንደማይችል ገልጿል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድም ሐሰት የለበትም። ፈረምኩ።

የሚያፈርሰው አናጢ ኦቦ ዲንቃ ከጉደር መጣ። ጣሪያውን በአንድ ቀን አወረደው፤ ምሰሶዎቹ ግን እምቢ አሉ። በዶማ ሞከረ፣ በገመድ ሞከረ፣ በመጨረሻ ትራክተር ለምኖ አመጣ። የመጀመሪያው ምሰሶ ሲነቀል መሬት ውስጥ የኖረውን ጫፉን በመጥረቢያ ፈለጠና ስንጣሪውን አፍንጫዬ ሥር አቀረበልኝ። ትናንት የተቆረጠ ጽድ ይሸታል።

«ማል ጄታ፣ ኦቦ ለሚ?» አለኝ፤ ምን ትላለህ ማለቱ ነው። «ይወድቃል ያለው ማነው?»

«ማንም አላለም።»

«ታዲያ እኔ ምን እየሠራሁ ነው?»

መጻሕፍቱ በጆንያ ተጭነው ወደ መጋዘን ሄዱ፤ እኔም የመጋዘን ዘበኛ ሆንኩ። ጆንያ ደግሞ አይነበብም።

ዛሬ ቤቱን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ስንገናኝ «የዚያ ዘመን ሰዎች አፈረሱት» እያሉ ያዝናሉ። እኔም አብሬ ራሴን እነቀንቃለሁ። እነማን ናቸው ብሎ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።